ይጠብቁ

ሥራዬ ጥበቃ ነው፤ ሻርጃ፣ የመጋዘን በር፣
ወንበር፣ የእጅ ባትሪ፣ መዝገብ፣ የቁልፍ ክር።
በሰባት ዓመት ውስጥ የሰው መርፌ አልጠፋብኝም፤
ይህን የማነሣው ልኩራ ብዬ አይደለም፤
ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ያዙልኝ።

ሚያዝያ ላይ ካርቶን ላክሁ፣ አርባ ሦስት ኪሎ ተኩል፤
ለአባቴ የደም ግፊት መለኪያ፣
ለልጆቹ ቦርሳ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣
ለእህቴ የሙሽራ ጫማ
(እግሯን በክር ለክታ፣ ክሩን ከማስመሪያ ጎን ፎቶ አንሥታ ልካልኝ)።
የድርጅቱ ስም ዐረብኛ ነው፤ በእኛ ሲፈታ «አደራ»።
«በሃያ አንድ ቀን ከደጃችሁ» ይል ነበር መስኮቱ ላይ።
አሁን ጥቅምት ነው።
እህቴ በሰው ጫማ ተድራለች።

ድሮ ሙባረክ ነበር፤ ሮላ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፣
ጣቱን ሚዛን ላይ የማያሳርፍ፣ ቆጥሮ የሚነግርህ ቀኑን።
ዕቃ ሲዘገይ ራሱ ይደውላል፦
«ጅቡቲ ላይ ተይዟል፤ ውሸት አልነግርህም፣ ወንድም።»
ክፉ ወሬ እንኳ ከሱ አፍ ሲወጣ አይመርም።
ሙባረክን አሰናበቱት። ሱቁ ዛሬ ጁስ ቤት ነው።
የተረፈን ቁጥር ነው፤ ስልክ ላይ የምታየው
«ጉዞ ላይ» የሚል አረንጓዴ ነጥብ፣
ከግንቦት ወዲህ ንቅንቅ የማይል።

ደወልሁ። «ለዐረብኛ አንድ፣ ለእንግሊዝኛ ሁለት፣
ለኡርዱ ሦስት፣ ለአማርኛ አምስት።»
አምስትን ተጫንሁ፤ አንዲት ሴት፣ ማር በተቀባ አንደበት፦
«ክቡር ደንበኛችን፣ ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው፤ እባክዎ ይጠብቁ።»
ውድነቱስ እውነት ነው፤
ካርዴ ሲያልቅ አየሁት።

ግን ድምፁን አውቀዋለሁ።
የደጋኗ ረውዳ ናት።

ዓርብ፣ ሮላ አደባባይ፣ ሣሩ ላይ አገኘኋት።
«አንቺ ነሽ ወይ?» ብላት ሳቀች፤ ሳቁ ቶሎ ደከማት።
«ሁለት መቶ ድርሃም አሉኝ።
ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው፣
‹ፈገግ ብለሽ በይው፣ ፈገግታ በስልክ ይሰማል› እያሉ
አሥራ አራት ጊዜ አስደገሙኝ።
ገንዘቡን እስከ ዛሬ አልሰጡኝም።
ልጠይቅ ስደውል ማን ቢያነሣው ጥሩ ነው?
እኔ!
ራሴን ‹ክቡር ደንበኛችን› እለዋለሁ፣
ራሴን ራሴ አስጠብቄ፣ ተናድጄ እዘጋለሁ።
ሰው በገዛ አፉ ይታለላል ወይ?»

ምን ይባላል? ሣር ነጨሁ።
የሀገሬ ሰው ሲበደል ደጅ ይጠናል፤ ዝናብም ቢመታው
ጌትዬው ብቅ ሲል ዓይኑን ያያል፤ አንድ ቀን ይሰማው።
እዚህ ደጅ እንዳልጠና፣ ደጅ የላቸው፤
እንዳልረግም እንኳ፣ ፊት የላቸው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቀን ሙቀት የጠጣው ቆርቆሮ
ሲበርድ ይንቋቋል።
የሌላ ሰው ዕቃ እየጠበቅሁ፣ የራሴን እጠብቃለሁ፤
አንድ ቃል፣ ሁለት ሸክም፤
ለአንደኛው ደሞዝ አለው፣ ለሌላው የለውም።

ስልኩን መዝገቡ ላይ አጋድሜ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ።
ሙዚቃው ያልቃል፣ ይጀምራል፣
መሐሉ ላይ ትንሽ ይንተባተባል፣
ከዚያ እሷ ትመጣለች፣ ያልተከፈለበት ፈገግታዋን ይዛ፦
«እባክዎ ይጠብቁ።»
«እሺ፣ ረውዳ» እላታለሁ። «አንቺም ጠብቂ።»

ከዚያ ተነሥቼ፣ እንደ ደንቡ፣
ቁልፎቹን አንድ በአንድ እነካለሁ።
ሁሉም ዝግ ነው።